ከድሬዳዋ ወጣ ብሎ ላለ የገጠር ሰፈር ጥልቅ ጉድጓድ ልናስቆፍር ነው፤ ያዋጣነውን ገንዘብ በምን ላይ እናውለው?

የሰፈሩ_ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ያደግሁበት ሰፈር ከድሬዳዋ በስተደቡብ፣ ከሐረር መንገድ ተገንጥሎ በጠጠር መንገድ የሚገባበት፣ በኖራ ድንጋይ ኮረብቶች መካከል ያለ ቦታ ነው። 180 ያህል አባወራ ይኖርበታል። ውሃ የሚቀዳው ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ውስጥ በእጅ ከሚጫር ጉድጓድ ነው። ከጥቅምት በኋላ ውሃው እየራቀ ይሄዳል፤ ጥር ላይ ሴቶቹ ገና ሌሊት ወጥተው ወረፋ ይይዛሉ። አህያ ያለው በአህያ ይጭናል፣ የሌለው በጀርባው ያዝላል።

በድሬዳዋ፣ በአዲስ አበባና በውጭ አገር የምንኖር የሰፈሩ ተወላጆች ገንዘብ አዋጥተን አንድ የቁፋሮ ድርጅት አነጋግረናል። በሜትር የሚያስከፍለውን ዋጋ ሰጥቶናል። ክርክሩ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ግማሾቻችን «ገንዘቡ በሙሉ ለቁፋሮ ይዋል፣ ውሃው ከወጣ ሌላው አይጠፋም» እንላለን። ሌሎቻችን ጥናት ይቅደም ባዮች ነን። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ደግሞ ከወንዙ ዳር ያለውን ትልቁን ዋርካ እያሳዩ «እዚህ ቆፍሩ» ይላሉ። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ ምከሩን።

ከማሽን_ጋር_የኖርኩ

ወንድሜ፣ ያሰባችሁት ሥራ ትልቅ ነው፤ እግዚአብሔር ያሳካላችሁ። ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በቁፋሮ ሥራ ላይ ስለሆነ በግልጽ ልንገርህ፤ ገንዘባችሁን በሙሉ ለቁፋሮ እንዳትሰጡ። ተቆፍሮ፣ ውሃ ወጥቶለት፣ የፓምፕ መግዣ ታጥቶ አፉ በብረት የተበየደ ጉድጓድ አይቻለሁ። የሰፈሩ ሰው በየዕለቱ በአጠገቡ እያለፈ ወደ ወንዝ ይወርዳል። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያ ጉድጓድ ሲቆፈር ያልጨፈረ አልነበረም።

ስለ መሬቱ። ከድሬዳዋ በስተሰሜን ያለው ሜዳ ከተራራው በጎርፍ የወረደ አሸዋ፣ ጠጠርና ደለል ስለሆነ ውሃ የሚይዘው በስፋት ነው። እናንተ ያላችሁበት ግን የኖራ ድንጋዩና የአሸዋ ድንጋዩ በስብራት መስመሮች እየተቆራረጠ፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ስምጥ ሸለቆው የሚወርድበት አገር ነው። ጠጣር የኖራ ድንጋይ በራሱ ውሃ ብዙም አይይዝም፤ የሚይዘው በስንጥቁና ውሃ በዘመናት ብዛት ቦርቡሮ በሠራው ባዶ ቦታ ውስጥ ነው። በአካባቢያችሁ ያሉት ዋሻዎች የዚሁ ምልክት ናቸው። ስንጥቁን ያገኘ ጉድጓድ ሰፈሩን ሁሉ ያጠጣል፤ ከእሱ ጥቂት ሜትሮች ርቆ የተቆፈረው ደግሞ ነጭ አቧራ ብቻ ሊያወጣ ይችላል።

ጥናት የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። የከርሰ ምድር ውሃ ባለሙያው መጀመሪያ የጂኦሎጂ ካርታውንና በአካባቢው ቀድሞ የተቆፈሩትን ጉድጓዶች መረጃ ያያል፤ በእግሩ እየዞረ ስብራቱን ይከተላል። ከዚያ መሬት ላይ የብረት ካስማ ተክሎ ኤሌክትሪክ በመላክ ድንጋዩ ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚቋቋም በየጥልቀቱ ይለካል። ውሃ ያዘለ የተሰነጠቀ ድንጋይና ደረቅ ጠጣር ድንጋይ የሚሰጡት ንባብ የተለያየ ነው። ጥናቱ ውሃ ይወጣል ብሎ አይምልላችሁም። ነገር ግን ከአንድ ደረቅ ጉድጓድ ኪሳራ ጋር ሲተያይ ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ድርጅቱ በሜትር የሚያስከፍል ከሆነ፣ ቁፋሮው ይቁም ብሎ የሚወስነው ማን እንደሆነ ውሉ ላይ ይጻፍ። ውሳኔው ለቆፋሪው ብቻ ከተተወ በእያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር የሚያተርፈው እሱ ነው። ደረቅ ቢወጣ ስንት እንደሚከፈልም ማሽኑ መንገድ ሳይጀምር ተነጋገሩ።

የከዚራው

በዚህ አልስማማም። በባለሙያ ተጠንቶ ደረቅ የወጣ ጉድጓድ እኔም አውቃለሁ። ወረቀቱ በቀለም ያሸበረቀ ነበር፣ መሬቱ ግን ባዶ። ሽማግሌዎቹ በ1977ቱ ድርቅ የትኛው ምንጭ እንደነጠፈ፣ የትኛው እንዳልነጠፈ በዓይናቸው ያዩ ናቸው። ከተማ ተቀምጦ ካርታ የሚያይ ሰው ከእነሱ በላይ ሊያውቅ አይችልም። በአካባቢው ሁሉ ሲደርቅ ያ ዋርካ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። ድሃ ሰዎች ያዋጡት ገንዘብ በጥናት ስም አይለቅ።

ከማሽን_ጋር_የኖርኩ

የከዚራው፣ ስለ ሽማግሌዎቹ ያልከው ልክ ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያም መጀመሪያ የሚያነጋግረው እነሱን ነው። የትኛው ምንጭ በድርቅ እንደቆየ መናገራቸው ከማንኛውም መሣሪያ ንባብ የማይተናነስ መረጃ ነው። ዋርካው ግን የሚናገረው ሥሩ ስለሚደርስበት ጥልቀት ብቻ ነው። ከወንዙ አሸዋ ሥር ውሃ መኖሩን ሴቶቹም ያውቃሉ፤ የሚቀዱት ከዚያ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ የሚፈለገው ያ ውሃ በበጋ ስለሚሸሽ፣ ከሥሩ ያለውንና የማይሸሸውን ለማግኘት ነው።

ደግሞ የወንዝ ዳር ሌላ አደጋ አለው። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የፈጀበትን ሌሊት ድሬዳዋ አልረሳችም። የእነዚህ ወንዞች ጎርፍ ሲመጣ ድንጋይ እያንከባለለ ነው። የጉድጓድ አፍ፣ የፓምፕ ቤትና የሶላር ሰሌዳ ጎርፍ የሚደርስበት ቦታ ላይ አይተከልም።

ውሃ_ቀጂ_ነበርኩ

ስለ ድንጋዩ ብዙ ተባለ፤ እኔ ስለ ቦኖው ልናገር። ያደግሁት በዚያው አቅጣጫ ባለ ሰፈር ነው፤ ውሃ ስቀዳ ነው ያደግሁት። ለእኛ ሰፈር ጉድጓድ ሲቆፈር የቦኖው ቦታ የተመረጠው ወንዶች በተሰበሰቡበት ስብሰባ ነው። መኪና መንገድ ዳር ተሠራ። ለመኪናው አመቸ፤ ለእኛ ግን ሙሉ ጀሪካን አዝለን የምንወጣው ዳገት ሆነ። እናቴ ውሃው ከመጣም በኋላ ወገቧን እንዳመማት ኖረች።

አሁን ለምትሠሩት የምለምናችሁ ይህን ነው። ቦኖው የት ይሁን የሚለውን ሴቶቹን ጠይቁ፤ ለብቻቸው ጠይቁ፣ ባሎቻቸው በተቀመጡበት ደፍረው አይናገሩም። ከቧንቧው አጠገብ ደግሞ እስከ ወገብ የሚደርስ የሲሚንቶ መደብ አሠሩ። 20 ሊትር የሞላ ጀሪካን ከመሬት አንሥቶ በጀርባ ለማዘል ሁለተኛ ሰው ይፈልጋል። ብቻዋን የመጣች ነፍሰ ጡር ሴት የሚያሸክማት እስኪመጣ ፀሐይ ላይ ትቆማለች። ጀሪካኑ መደቡ ላይ ከተቀመጠ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ገመዱን በደረቷ አሥራ ትነሣለች። ሠራተኛው እንደ ትርፍ ነገር ሊያየው ይችላል፤ ከጥቂት ከረጢት ሲሚንቶ ግን አያልፍም።

ክዳን የሌለው ጀሪካንም ይታሰብበት። በእኛ ሰፈር የበቆሎ ቆረቆንዳ በፌስታል ተጠቅልሎ ይወተፍበት ነበር። ከመሬት በታች ንጹሕ ሆኖ የወጣው ውሃ ቤት ሳይደርስ በዚያ ይበላሻል።

ነርስ_ከሳቢያን

ከላይ የጻፈችውን እህቴን አመሰግናለሁ። በጤናው በኩል ልጨምር።

ውሃው ሲወጣ ጥርት ብሎ ማየታችሁ አያዘናጋችሁ። ናይትሬት ቀለምም ሽታም የለውም። በድሬዳዋ ከተማ ሥር ያለው ውሃ በናይትሬት መጠቃቱ በጥናት የታወቀ ነገር ነው፤ ዋናው ምንጩ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከፍሳሽ የሚሰርገው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ ሲያልፍ በተለይ በጡጦ የሚያድጉ ሕፃናትን ደም ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርጋል። ማፍላት ናይትሬትን አያስወግደውም፤ ውሃው ሲተን ጭራሽ ይበረታል። ፍሎራይድም ይለካ፤ ወሰኑ 1.5 ሚሊ ግራም ነው።

የተሰነጠቀ የኖራ ድንጋይ እንደ አሸዋ አያጣራም፤ ከላይ የገባው ቆሻሻ በስንጥቁ ፈጥኖ ይወርዳል። ስለዚህ መጸዳጃ ቤት በብዛት የሚመከረውን 30 ሜትር ብቻ ጠብቆ ይሠራ ብላችሁ አትርኩ፤ በተቻለ መጠን ይራቅ፣ ከጉድጓዱ ቁልቁል በኩልም ይሁን። የከብት መጠጫ ገንዳውን ውሃው በቱቦ እየሄደለት ራቅ አድርጋችሁ ሥሩት። ከጉድጓዱ አፍ ጥግ ፍየልና ግመል ሲራገጥ፣ ፋንድያው ሲከመር ማየት የተለመደ ሆኗል፤ በጣም ያሳዝነኛል።

የጀበናና የሻይ ማንቆርቆሪያ ነጭ ቅርፊት ማውጣቱ ግን አያስፈራችሁ። ያ ካልሲየም ነው፤ ሳሙና አላረፋ ይላል እንጂ ሰው አያሳምምም።

የላብራቶሪው ውጤት ፓምፕ ከመገዛቱ በፊት ይድረሳችሁ።

ፓምፕ_ጠጋኝ

ነርሷ ስለ ነጩ ቅርፊት ያለችው ለሰው ልክ ነው፤ ለፓምፕ ግን ጠላት ነው። ፓምፑ ውስጥ እየጋገረ ያንቀዋል፤ ስለዚህ በየጊዜው ወጥቶ የሚጸዳበት ገንዘብ ይቀመጥለት።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ፤ ብዙ ሰው ይህን ሳይሠራ ነው ፓምፕ የሚገዛው። 180 አባወራ በአምስት ሰው ቢታሰብ 900 ሰው ነው። የአገሪቱ የገጠር ዕቅድ በነፍስ ወከፍ በቀን 25 ሊትር፣ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ ነው የሚለው። 900 በ25 ሲባዛ 22,500 ሊትር ይሆናል። ከብት አይረሳ። 200 ላምና በሬ በቀን 25 ሊትር ቢጠጡ 5,000፤ 600 ፍየል 5 ሊትር ቢጠጡ 3,000 ሊትር። ድምሩ 30,500 ሊትር ነው። ሶላር ፓምፕ በደህና ፀሐይ በቀን 6 ሰዓት ያህል በሙሉ አቅሙ ይሠራል ብንል፣ ጉድጓዱ በሰከንድ 1.5 ሊትር መስጠት አለበት፤ ይህ በቀን 32,400 ሊትር ነው። በሰከንድ 1 ሊትር ብቻ ከሰጠ 21,600 ነው፤ ለሰዉም አይበቃም። ያን ጊዜ ወይ በጄኔሬተር ሰዓት ይጨመራል፣ ወይ ለከብቱ ሌላ ውሃ ይፈለጋል።

ድሬዳዋ ፀሐይ አትነፍግም፤ ለእናንተ ሶላሩን እመርጣለሁ። በጄኔሬተር ቢሆን ናፍጣው ከከተማ በጀሪካን ተጭኖ ይሄዳል፣ ዋጋው በጨመረ ቁጥር ኮሚቴው ይጣላል፣ ዘይት ሳይቀየር ይቀርና ሞተሩ ይነክሳል። ሶላር ሲገዛ ውድ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰሌዳውን ከአቧራ ማበስና ከሌባ መጠበቅ ነው። ባትሪ አትግዙ። ቀን የተሳበውን ውሃ ከፍ ያለ ቦታ ላይ በተሠራ ማጠራቀሚያ ያዙት፤ ማታ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ፓምፑ ደግሞ ውሃው ሲወርድበት ራሱን የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ይኑረው። ያለ ውሃ የዞረ ፓምፕ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይቃጠላል።

የእጅ ፓምፕ አስባችሁ እንደሆነ፣ አፍሪዴቭ የሚባለው እስከ 45 ሜትር ያህል ነው የሚስበው። እናንተ ካላችሁበት ድንጋይ ውሃው ከዚያ በላይ ቢጠልቅ አይገርመኝም።

የሐረር_ልጅ

የሐረማያን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሐረር ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው ከዚያ ሐይቅ ነበር። ከተማው ሳበ፣ ገበሬው ለጫትና ለአትክልት ሳበ፣ ከተራራው የታጠበው አፈር ሞላው፤ በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ደረቀ። በእነዚያ ዓመታት ሐረር ውስጥ ቤተሰብ የነበረው ሰው ውሃ በሮቶ እየተገዛ ምን ያህል እንደተሰቃየን ያውቃል። ከዚያም ከድሬዳዋ አቅራቢያ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች ውሃ ወደ ሐረር ይወጣ ጀመር። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፣ ሐረር 1,900 ትጠጋለች። ያን ሁሉ ዳገት በተከታታይ ፓምፖች እየተገፋ የሚመጣ ውሃ መብራት በጠፋ ቁጥር ይቋረጣል።

ስለዚህ ከጉድጓዳችሁ ለጫት ማጠጫ ውሃ መሳብ እንዳይቻል ከመጀመሪያው ቀን በመተዳደሪያ ደንብ ይታሰር። ውሃው ሲበዛ «ትንሽ ለማሳዬ» የሚል ጎረቤት ይመጣል፤ የሚመጣውም ደግ ሰው፣ ዘመድ ነው፤ ለእሱ ከተፈቀደ ለሌላው መከልከል አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው ሁሉ ይቅደም ይላል፤ እሱን ይዛችሁ ተከራከሩ። በዚሁ አዋጅ በእጅ የሚቆፈር ጉድጓድ ፈቃድ አይጠየቅበትም፤ የእናንተ ግን ጥልቅ ጉድጓድ ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልገዋል፣ ቆፋሪውም ፈቃድ ያለው መሆን አለበት።

ከጅግጅጋ

በእኛ በኩል ቢርካ አለ፤ የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበት በሲሚንቶ የተገነባ የመሬት ገንዳ። ጉድጓዱ እስኪያልቅ የትምህርት ቤቱንና የመስጊዱን ጣሪያ ለምን አትጠቀሙበትም? በዓመት 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ በሚዘንብበት አገር 200 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ ከ90,000 ሊትር በላይ ይሰበስባል። ለከብቱና ለልብስ ማጠቢያ ቢሆን ጉድጓዱን ያሳርፋል።

የሰፈሩ_ልጅ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የተጻፈውን አትሜ ሰፈር ወስጄ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። ሴቶቹ የመደቡን ነገር ሲሰሙ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዲት አሮጊት «ማን ነገራት?» አሉ። በጥናቱም ተስማምተናል።

ባለሙያው መጥቶ ሁለት ነጥቦች ምልክት አድርጓል። የመጀመሪያው ከዋርካው ከፍ ብሎ የስብራቱ መስመር ላይ፣ አንድ ገበሬ የማሽላ ማሳ ውስጥ ነው። ሰውየው በደስታ ፈቅዷል። ሁለተኛው ተለዋጭ ነው። አሁን ሁለት ጥያቄ አለኝ። ድርጅቱ መስከረም ላይ ልቆፍር ይላል፤ ጊዜው ጥሩ ነው? ከዚያስ የጉድጓዱን አቅም የሚለካው ማን ነው፣ እኛስ በምን እናውቃለን?

ከማሽን_ጋር_የኖርኩ

ሰውየው በደስታ መፍቀዱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በወረቀት ይሁን፣ ምትክ ወይም ካሣም ይሰጠው። ዛሬ የፈቀደው አባት ነው፤ ነገ ማሳውን የሚወርሱት ልጆቹ ናቸው።

መስከረም ለማሽኑ መንገድ አይመችም፤ ለልኬትም አይመረጥም። የክረምቱ ዝናብ ገና ማብቃቱ ስለሆነ ውሃው ከፍ ብሎ ይታያል፣ ጉድጓዱም ከአቅሙ በላይ ይመስላል። ከቻላችሁ በጥርና በየካቲት፣ የበልጉ ዝናብ ሳይጀምር ይለካ። ግድ መስከረም ከሆነ የበጋው ደረጃ ዝቅ እንደሚል ታስቦ ፓምፑ ጠለቅ ብሎ ይቀመጥ።

ቁፋሮው ሲጀመር ከእናንተ አንድ ሰው ማሽኑ አጠገብ ይቀመጥ። የሚወጣው የድንጋይ ፍርፋሪ በየሜትሩ ተለይቶ በመስመር መሬት ላይ ይደረደራል፤ የመሬቱ ታሪክ እሱ ነው፣ በቁጥር ጻፉት፣ ፎቶ አንሡት። ደረቅ የኖራ ድንጋይ እንደ ዱቄት ይቦናል። መጀመሪያ ይረጥባል፣ ከዚያ ጭቃ ይሆናል፣ ስንጥቁ ሲገኝ በአየሩ ግፊት ውሃው ከአፉ ይፈነዳል። ያን ጊዜ ሁሉም ይጮኻል፣ ሴቶች እልል ይላሉ፣ ቆፋሪው ማሽኑን አጥፍቶ መሄድ ያምረዋል። እንዳይሄድ! ውሃ የሚያስገባው ቀዳዳ ያለው ቱቦ ትክክል ውሃው ባለበት ድንጋይ ፊት መቀመጡን፣ ዙሪያው በተጣራ ክብ ጠጠር መሞላቱን፣ ከላይ ያሉት ሜትሮች በሲሚንቶ መታሸጋቸውን እዩ። የላይኛው ማኅተም ከተዘለለ ነርሷ ያለችው ቆሻሻ ሁሉ በቱቦው ጀርባ ይወርዳል። ከመሬት በታች ስለሆነ በኋላ ማንም አያየውም፤ ለዚህም ነው የሚዘለለው።

አቅሙ የሚታወቀው በፓምፕ ሙከራ ነው። ጊዜያዊ ፓምፕ ገብቶ መጀመሪያ ፍሰቱ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ፣ ከዚያ በአንድ ፍሰት ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ለእናንተ ዓይነት መሬት 72 ሰዓት ያለማቋረጥ ይሳባል። አንድ ሰው ውሃ ሲነካ ድምፅ የሚሰጥ የመለኪያ ገመድ እየላከ ደረጃውን ይመዘግባል፤ ሌሊትም። ስንጥቅ ውስጥ ያለ ውሃ የመጀመሪያው ቀን በደንብ ሰጥቶ በሁለተኛው ሊወርድ ይችላል፤ 6 ሰዓት ስቦ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ይህን አያይም። ፓምፑ ከጠፋ በኋላም ውሃው በስንት ጊዜ ወደ ቦታው እንደተመለሰ ይለካ። ፍሰቱን እናንተም መፈተሽ ትችላላችሁ፤ 20 ሊትር ጀሪካን በ13 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 1.5 ሊትር ነው፣ ፓምፕ ጠጋኝ ያሰላው ማለት ነው። የሚሳበው ውሃ በቱቦ ርቆ ይፍሰስ፤ እዚያው ከፈሰሰ በስንጥቁ ተመልሶ ይገባና ልኬቱን ያበላሸዋል።

የከዚራው

ነጥቡ ከዋርካው ብዙ ያልራቀ መሆኑ ሽማግሌዎቹ የሚናገሩትን ያውቁ እንደነበር ያሳያል፤ በዚህ አቋሜ ጸንቻለሁ። አሁንም የምለው፣ የወንዙን ጉድጓድ አትተዉት። ማሽኑ እስኪመጣ ወራት ያልፋሉ፣ ፓምፑም አንድ ቀን መበላሸቱ አይቀርም። አንዱን ጉድጓድ በኮንክሪት ቀለበት አስገንብታችሁ ክዳን አድርጉለት። የቀለበቱን ወጪ እኔ እችላለሁ፤ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ።

ፓምፕ_ጠጋኝ

የከዚራው ያለው ልክ ነው፤ ተጠባባቂ ውሃ ይኑራችሁ።

ስለ ክፍያው ማንም አላነሣም። በጀሪካን ይሁን በወር፣ ከመጀመሪያው ቀን ይከፈል። አቅም የሌላቸውን ኮሚቴው በስም ለይቶ ይማራቸው። ገንዘቡ በባንክ፣ በሦስት ሰው ፊርማ ይቀመጥ፤ ከሦስቱ ሁለቱ ሴቶች ቢሆኑ እመርጣለሁ፤ በሠራሁባቸው ሰፈሮች ገንዘብ ያዥዋ ሴት በሆነችበት ቦታ ለጥገና ስጠራ ክፍያዬ ተዘጋጅቶ ነው የሚጠብቀኝ። ከሰፈሩ ሁለት ወጣቶች ፓምፑ ሲገጠም አብረው ይሥሩ። ፊውዝ መቀየርና መቆጣጠሪያውን ማንበብ ከቻሉ ለትንሹም ለትልቁም ከድሬዳዋ ሰው አይጠሩም።

ከማሽን_ጋር_የኖርኩ

የመጨረሻው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የጉድጓዱን ሙሉ ሰነድ ተቀበሉ፤ ጥልቀቱ፣ በየሜትሩ የተገኘው ድንጋይ፣ ቀዳዳ ያለው ቱቦ ከስንት እስከ ስንት ሜትር እንደተቀመጠ፣ የሙከራው ሰንጠረዥ፣ የላብራቶሪው ውጤት። አንዱን ቅጂ ቀበሌ፣ አንዱን የውሃ ኮሚቴው ጋ አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ፓምፑን የሚያወጣው ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ ያን ወረቀት ነው። ውሉን ከመፈረማችሁ በፊት እዚህ ለጥፍልን፤ አንብቤ የጎደለውን እነግርሃለሁ።